ከአያቴ ጉፍታ እስከ ኮንሲለር፦ ጠባሳ የመሸፈን ታሪካችን (ውስጡ ይቅርታም አለበት)



ርዕሱን አይታችሁ «ቲቸር ጡረታ ሲወጣ ሜካፕ ጀመረ እንዴ?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። መሳቁን ሳቁ፣ ግድ የለም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ረዘም ስለሚል ቡና አስፈልታችሁ ቁጭ ብትሉ ይሻላል።

ነገሩ የተነሳው እዚሁ ሐይቅ፣ በእህቴ ልጅ ሰርግ ዋዜማ ነው። ሙሽራዋን የምታስውብ ባለሙያ ከደሴ ተጠርታ መጣች። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ሻንጣዋን ጎትታ ስታልፍ ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር!» አለች። ስሟ ወዲያው መጣልኝ። ከስሟ ጋር ግን ሌላ ነገርም አብሮ መጣ።

1996 ዓ.ም. ነው። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምራት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሰልፍ ላይ ፊቷን ወፍራም ቅባት ተቀብታ አየኋት። ያኔ ራሴን ደንብ አስከባሪ አድርጌ የማይ ሰው ነበርኩ። «ሂጂ ቧንቧው ጋ ታጥበሽ ነይ፤ እዚህ ትምህርት ቤት እንጂ ሰርግ ቤት አይደለም» አልኳት፣ ያ ሁሉ ተማሪ እየሰማ። ምንም ሳትመልስ ሄደች። ታጥባ ስትመለስ ከግራ ጉንጯ እስከ ከንፈሯ ጥግ ድረስ ቆዳዋ ነጭ ነው። ለምጽ ነበር። ሰልፉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። እኔም «ወደ ክፍል ግቡ» ብዬ አለፍኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ከተመለሰችም በኋላ አንድ ቀን ጠርቼ አላናገርኳትም።

ያን ቀን ማታ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ በረንዳው ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። «አብሽሩ ቲቸር፣ እኔ እኮ ከዚያ ቀን በኋላ ነው ይሄን ሥራ የያዝኩት» አለችኝ። ሳቀችም። እኔ ግን አልሳቅኩም። «ይጻፉት፤ ስሜን ብቻ አይጥሩ» ስላለችኝ ነው ይህን የምጽፈው።

መቼም የታሪክ አስተማሪ ነኝና ከታሪኩ ልጀምር።

የአያቴ ፊት

አያቴ የአምባሰል ሰው ነበሩ። ፊታቸው ላይ ፈንጣጣ የተወው ጉድጓድ ጉድጓድ ጠባሳ ነበረባቸው። ጉፍታቸውን ወደ ግራ ጎተት አድርገው ጉንጫቸውን መሸፈን ልማዳቸው ነበር። ሰው ሲመጣ እጃቸው ሳያስቡት ወደዚያ ይሄዳል። ፎቶ አንሺ ሲመጣ «ለልጆቹ አንሳ» ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። የሳቸው ፎቶ እኔ ዘንድ የለም፤ ማንም ዘንድ የለም።

ኮንሲለር የሚባል ነገር ባይኖርም የመዋቢያው ዓይነት በቤታቸው ሞልቷል። አደስ የገባበት ቅቤ አለ። ለዓይን ኩል አለ። ለእጅና ለእግር እንሶስላ አለ። ለሰውነት ደግሞ የወይባ ጢስ። ሴቶቻችን ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው ወይባ ሲሞቁ ቆዳው ይለሰልሳል፣ መልኩም ወደ ቢጫ ይወስደዋል፣ ሽታውም አብሮ ይቆያል። ልብ በሉ፤ ከነዚህ አንዱም ጠባሳ አይደብቅም። የእኛ የድሮ ውበት ዓይንን ወደ ሌላ ቦታ የመሳብ ዘዴ ነበር። ዓይኑ ሲኳል፣ ድዱ ሲነቀስ፣ እጁ በእንሶስላ ሲቀላ ሰው ጉንጩን ትቶ ያንን ያያል። ጠባሳን ለመሸፈን የነበረው ነገር ጨርቅ ብቻ ነው፦ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ጉፍታ።

ፈንጣጣ ቤት አይመርጥም ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ የተፈለገው ለሐኪምነት ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና የመሳፍንቱን ልጆች እንዲያክም ተጠራ። ስሟ ራሱ «ምን ትዋብ» ማለት የሆነ እቴጌ ደጃፍ ላይ ፈንጣጣ ቆሞ እንደነበር አስቡት። ሰዉም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በትግራይ ከታማሚው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛን ሰው ክንድ በመብጣት ማስገባት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነበረ ልማድ ነው። የውጭ ተጓዦች አይተው ጽፈውታል። «ክትባት» የምንለው ቃል ከ«ከተበ» ነው፤ አንገት ላይ የሚታሰረው «ክታብ»ም ከዚያው ነው። ጻፈ ማለት ነው። ሰውነት ላይ መጻፍ።

አሁን ወደ አያቴ ልመለስ። የዓለም ጤና ድርጅትና መንግሥት የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻውን በአገራችን የጀመሩት በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመዘገቡ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀረው በአብዛኛው ቀለል ያለው የፈንጣጣ ዓይነት ነበር። ግን መንገድ በሌለበት አገር ቀላልም ቢሆን ማሳደድ ከባድ ነው። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ነበር የሚሄዱት። የያዟት መርፌ ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ነው። የታማሚ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ያሳዩና «እንዲህ ያለ በሽታ የት አያችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኛ ሰፈር ሲደርሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ክንዴን ሰጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ አንደኛው ሰውዬ አያቴን አየና በአክብሮት «እማማ፣ እርስዎን መቼ ነው የያዘዎት?» አላቸው። እጃቸው ወደ ጉፍታው ሄደ። ከዚያ ግን ቆመ። ጉፍታውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው «ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ የተማረኩ ጊዜ» አሉት። እሱም ጻፈ።

ሰገሌ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። አያቴ ልጅ ነበሩ ማለት ነው። ያ ሰው ለምን እንደጠየቀ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። በፈንጣጣ ዘመቻ ውስጥ የፊት ጠባሳ መረጃ ነበር። በአንድ መንደር ጠባሳ ያለባቸው ልጆች ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ከታወቀ በሽታው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እዚያ እንደነበረ ይታወቃል። ከትንሹ ልጅ ጀምሮ ጠባሳ ከሌለ በሽታው ሄዷል። እንግዲህ አያቴ ዕድሜ ልካቸውን የደበቁት ነገር ያን ቀን ሰነድ ሆነ።

የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ዲሞ በምትባል የኦጋዴን በረሃ መንደር ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በ1977 እ.ኤ.አ. ሶማሊያ፣ መርካ ተገኘ። በግንቦት 1980 እ.ኤ.አ. በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ስለ ውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ስንት ጊዜ እንዳስተማርኩ ታውቃላችሁ፤ ውጫሌ እዚሁ አምባሰል አይደለች? ስለ አያቴ ፊት ግን አንድ ክፍለ ጊዜ አላስተማርኩም።

ቁንጭርና ለምጽ

ፈንጣጣ ሄደ። ቁንጭር ግን አለ። የአምባሰልን ገደል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ይጀምርና ወራት ይቆያል፤ ሲድን ጉድጓድ ያለው ጠባሳ ይተዋል። በልጅነቴ «የሌሊት ወፍ ነክታው ነው» ሲባል እሰማ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ ከገደል ሽኮኮ ወደ ሰው የምታመላልሰው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ደቃቃ ዝንብ ናት። ሕክምና አለው። ለእኛ ቅርቡ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። አዎ፣ ያ የ1878 እ.ኤ.አ. ጉባኤ የተደረገበት ቦሩ ሜዳ። ሆስፒታሉ ከጥንት ጀምሮ በስጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ሙሽራዋ የእህቴ ልጅም የቁንጭር ጠባሳ አለባት፣ ቀኝ ጉንጯ ላይ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል።

ለምጽ ደግሞ ሌላ ነው። ለምጽ የቆዳ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ሲጠፉ የሚመጣ ነጭ ምልክት ነው። አይተላለፍም። አያምም። ችግሩ ስሙ ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በኦሪት ዘሌዋውያን፣ ከሰፈር የሚያስወጣው በሽታ «ለምጽ» ተብሎ ስለተጻፈ ሰዉ ለምጽንና ስጋ ደዌን አንድ አድርጎ ያያል። የተማሪዬም እናት መጀመሪያ ሲያዩት የፈሩት ይህንኑ ነው። ልጅቷ ለብቻዋ በሳህን ስትበላ ከርማለች። ሐኪም አይቶ «ለምጽ ነው፣ አይጋባም» ካለ በኋላም ጎረቤት አላመነም። ያን ቅባት የጀመረችው ለውበት ሳይሆን ከሰው ጋር አብራ ለመብላት ነበር። ይህን ሁሉ እኔ ያን ቀን አላወቅኩም። አልጠየቅኩምማ!

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ልበል። ቆዳ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ካያችሁና ያ ቦታ ሲነካ የማይሰማችሁ ከሆነ፣ ማለትም ከደነዘዘ፣ በምንም ነገር አትሸፍኑት። ስጋ ደዌ እንዲህ ነው የሚጀምረው። በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ ከዘገየ ግን ጣትና ዓይን ይወስዳል። የማይድን ቁስልም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ መስተዋት።

ማዶ ያሉት ምን አደረጉ?

አውሮፓም በፈንጣጣ የተበላ አህጉር ነበር። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት በ1562 እ.ኤ.አ. ፈንጣጣ ይዟት ለሞት ደርሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊቷን በነጭ የእርሳስ ዱቄት ትሸፍን እንደነበር በሰፊው ይነገራል። የእርሳስ ዱቄት በኮምጣጤ ተሠርቶ ፊት ላይ የሚለቀለቅ፣ የሚያምር፣ ግን መርዝ የሆነ ነገር ነው። ቆዳን ይበላል፤ የተበላውን ለመሸፈን ደግሞ ሌላ ይደረባል። በ1760 እ.ኤ.አ. በወጣትነቷ የሞተችው የኮቨንትሪ ባላባት ማሪያ የዚህ ሰለባ ናት ይባላል። ሌሎች ደግሞ ከጥቁር ሐርና ከከፋይ ጨረቃና ኮከብ እየቆረጡ ጠባሳው ላይ ይለጥፉ ነበር።

ለእኔ ትልቁ ታሪክ ግን የሊዲያ ኦሊሪ ነው። አሜሪካዊት ናት፤ ፊቷ ላይ ከልደቷ ጀምሮ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰፊ ምልክት ነበረባት። በዚህ የተነሳ ሥራ አጥታለች። በ1928 እ.ኤ.አ. ለራሷ የሚሆን ወፍራም ቅባት ሠርታ «ከቨርማርክ» አለችው። በ1932 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አገኘችበት። እንግዲህ የዛሬው ኮንሲለር አያት ከተባለ ይሄ ነው፤ ከሆሊውድ በፊት ምልክቷን ይዛ ሥራ ካጣች ሴት ቤት ነው የወጣው። የማክስ ፋክተር ድርጅት የፊልም ተዋንያንን እያስዋበ ቆይቶ «ኢሬስ» የሚባል ዱላ መሰል መሸፈኛ ለገበያ ያወጣው በ1950ዎቹ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ለነጭ ቆዳ ነበር። ለጥቁር ቆዳ «ፋሽን ፌር» የተመሠረተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ጎረቤታችን ሶማሊያዊቷ ኢማን ሞዴል ሆና ኒው ዮርክ ስትገባ አስዋቢው የራሷን ፋውንዴሽን ይዛ እንደሆነ ጠይቋት ለሷ የሚሆን እንዳልነበረው ራሷ ትናገራለች። በ1994 እ.ኤ.አ. የራሷን ድርጅት ከፈተች። በ2017 እ.ኤ.አ. የሪሃና «ፌንቲ» በ40 የቀለም ዓይነት ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። እኛ አገር እስከ ቅርብ ጊዜ ሙሽሮቻችን ፊታቸው ዱቄት የተነፋበት፣ አንገታቸው ጠይም ሆነው ፎቶ ሲነሱ የኖሩት ለዚህ ነው። ሙሽራዋ ምን ታድርግ? ቀለሙ ለሷ አልተሠራም።

ተማሪዬ ያስተማረችኝ

አሁን እኔ ተማሪ ሆንኩ። ወንበር ስቤ ስትሠራ አየሁ፤ እየጠየቅኩም ማስታወሻ ያዝኩ። እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ቀለሙ። «ቲቸር፣ ጠይም ብቻ ስንት ዓይነት እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ። አንዱ ጠይም ውስጡ ወደ ቢጫ ይላል፣ አንዱ ወደ ቀይ። ስለዚህ ኮንሲለር በእጅ ጀርባ ላይ አይሞከርም፤ መንጋጋ ላይ ነው፣ በመስኮት ብርሃን። የሱቅ መብራት ይዋሻል። ለጠባሳና ለማድያት ከራስ ቆዳ ጋር እኩል የሆነ ቀለም ይመረጣል። ነጣ ያለ ከሆነ ጠባሳውን እንደ ባትሪ ያበራዋል።

ሁለተኛ፣ የዓይን ስር ጥቁረት። በቀጥታ ነጣ ያለ ኮንሲለር ከተደረገበት አመድ ይመስላል። መጀመሪያ ብርቱካናማ ማስተካከያ በስሱ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ኮንሲለር። ብርቱካናማው ሰማያዊውን ጥቁረት ያጠፋዋል። አረንጓዴው ማስተካከያ ለቅላት ነው፤ ቅላቱ ጎልቶ ለሚታይ ቀይ ቆዳ እንጂ ለአብዛኞቻችን ብዙ አይሠራም። የእኛ ብጉር ሲድን የሚተወው ቡናማ ነጥብ ስለሆነ እሱም ብርቱካናማውን ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛ፣ ብጉር። በትንሽ ብሩሽ ነጥቡ ላይ ብቻ፣ በጣት ሳይታሽ። ቀዳዳ የማይደፍን፣ ቅባቱ ያነሰ ዓይነት ይመረጣል። የፈረጠና እርጥብ የሆነ ላይ ምንም አይደረግም። ብሩሽና ስፖንጅ ይታጠባል፤ ለጓደኛም አይዋስም።

አራተኛ፣ ማድያት። እርግዝናና የእርግዝና መከላከያ ያመጡታል፤ ፀሐይ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከመሸፈኑ በፊት የፀሐይ መከላከያ። ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ከሆነ ይበልጥ ይረዳል፤ ቡናማ የሚያደርገው የብረት ዝገት ዱቄት መደበኛውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላልና። ጥላም አንርሳ። እናቶቻችን ጥላ ሳይዙ ገበያ የማይወጡት ወደው አይደለም።

አምስተኛ፣ ለምጽ። እዚህ ተራ ኮንሲለር አይበቃም፤ ውሃ የማያስለቅቀው ወፍራሙ መሸፈኛ ነው የሚፈለገው። በስሱ ይነካካል፣ ይጠበቃል፣ ይደገማል። ከዚያ ፓውደር በደንብ ይደረግበትና ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ትርፉ በብሩሽ ይራገፋል። ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ካልሆነ መስመሩ ይታያል። ማታ ደግሞ በቅባት ይለቀቃል፣ አይፈተግም።

ስድስተኛ፣ ጉድጓድ ጠባሳ። እዚህ ጋ ሙሽራዋ መስተዋቱን እያየች «ጭራሽ እንዳይታይ አድርጊልኝ» አለቻት። ተማሪዬ ብሩሹን አስቀመጠች። «የኔ እህት፣ ቀለሙን እሸፍነዋለሁ። ጉድጓዱን ግን አልችልም፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ይታያል። ካበዛሁበት ይሰነጠቅና ይብሳል» አለቻት። ሙሽራዋ ዝም አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተማሪዬ ከቦርሳዋ ፎጣ አውጥታ የራሷን ግራ ጉንጭ ጠረገች። ያ ከሃያ ዓመት በፊት ቧንቧ ጋ አጥበሽው ነይ ያልኩት ነጭ ወጣ። «እኔ አንዳንድ ቀን እሸፍነዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን እተወዋለሁ። ነገ ጠዋት ደግሞ አንቺ ትነግሪኛለሽ» አለቻት። ያን ምሽት ጉንጯን መልሳ ሳትቀባ እራት አብራን በላች፣ ከአንድ መሶብ።

ጠዋት ሙሽራዋ «በስሱ» አለች። በስሱ ተሠራላት። ፎቶው ላይ ጠባሳው ጠጋ ብሎ ለሚያይ ይታያል። እኔ ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁ። ማሻ አላህ፣ ውብ ናት።

መሸፈንና ማጥፋት አንድ አይደሉም

ተማሪዬ አደራ ያለችኝን ላድርስ። ብዙ ሴቶች ወደሷ የሚመጡት ፊታቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው። ኮንሲለር ማታ ይታጠባል። ማንጫ ክሬም ግን አይታጠብም። ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀባ ጠንካራ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ማድያቱን ሊያጠፋ ሄዶ ሰማያዊ ጥቁረት ይዞ ይመጣል። ስሙ የማይነበብ፣ ውስጡ ያለው ያልተጻፈበት ዕቃ አትግዙ። አዲስ ነገር ስትገዙ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። የንግሥቷ እርሳስ ዛሬም ስሙን ቀይሮ ገበያ ላይ አለ፤ አንዳንድ ኩል ውስጥ ሳይቀር እርሳስ ይገኛል፣ ለሕፃን ዓይን አታድርጉ።

ይቅርታው

በረንዳው ላይ የጠየቅኩት ይቅርታ ለብቻችን ነበር። ያዋረድኳት ግን በሰው ፊት ነው፤ ስለዚህ በሰው ፊት እደግመዋለሁ። ያን ቀን ሰልፍ ላይ የነበራችሁ ብዙዎቻችሁ ይህን ታነባላችሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። የሳቀውም ልጅ ያነብ ይሆናል፤ አንተን ያሳቀህ የኔ ዝምታ ነው።

አሁን የምታስተምሩ ልጆቼ፣ አንዲት ተማሪ ፊቷን ሸፍና ብትመጣ ከደንቡ በፊት ለብቻ ጠርታችሁ «ደኅና ነሽ ወይ?» በሏት። የአያቴን ጉፍታ ማንም ገፎ አላየም። አንድ ሰው በአክብሮት ስለጠየቃቸው በገዛ እጃቸው ገለጡት፤ ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበትን ዘመንም አብረው ነገሩት።

የአያቶቻችሁ ፊት ላይ ያለውን ጠባሳ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ መቼና የት እንደሆነ ከሥር ጻፉልኝ። እየሰበሰብኩ ነው።

ሰላም ሁኑልኝ። ከሐይቅ።